ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ፦ የድረ ገጽ ፊድና የሐዲያና የከምባታ ከተሞች አንባቢ

የድረ ገጽ ፊድ አንድ ድረ ገጽ በቅርቡ ያወጣቸውን ጽሑፎች ርዕስ፣ አጭር መግለጫ፣ ቀንና አድራሻ የያዘ፣ በራሱ የሚታደስ ፋይል ነው። የሚዘጋጀው ለሰው ዓይን ሳይሆን ለኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሌላ ድረ ገጽ፣ የስልክ መተግበሪያ፣ የቴሌግራም ቦት ወይም የፍለጋ ሞተር በየጊዜው እየመጣ ያነበዋል፤ አዲስ ነገር ሲያገኝም ለራሱ ተጠቃሚዎች ያደርሳል። ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ላይ የተጻፈ ዜና በዚህ መንገድ ጸሐፊው በስም ከማያውቃቸው አንባቢዎች ዘንድ ይደርሳል። ድረ ገጽን በፊድ ማስተዋወቅ ማለትም ይኸው ነው፦ አንባቢው ወደ ገጹ እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን ይዘቱን አንባቢው ካለበት ማድረስ፣ ከዚያም ወደ ምንጩ የሚመልሰውን መንገድ ክፍት መተው።

አሠራሩ ለሐዲያና ለከምባታ ከተሞች ዛሬ ከመቼውም በላይ ያስፈልጋል። ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች፤ ሌሎች ቢሮዎች ደግሞ ዱራሜን፣ ወልቂጤን፣ ወራቤን፣ ሀላባ ቁሊቶንና ቡታጅራን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተደለደሉ። ቀድሞ የአካባቢው ነዋሪ የክልል ጉዳይ ሲኖረው የሚያየው ሐዋሳን ነበር። አሁን የአንዱ ቢሮ ጨረታ ከአንድ ከተማ፣ የሌላው የሥራ ማስታወቂያ ከሌላ ከተማ ይወጣል። ሺንሺቾ ያለ ሥራ ፈላጊ ወይም ሾኔ ያለ ሥራ ተቋራጭ ምንም እንዳያመልጠው የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ገጽ በየቀኑ መክፈት ይኖርበታል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ፊድ ቢኖረው ግን ሁሉንም በአንድ ገጽ ሰብስቦ ማሳየት የአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ፊዶች የሚጻፉበትን የአርኤስኤስ ደንብ እ.ኤ.አ. በማርች 1999 መጀመሪያ ያወጣው ኔትስኬፕ ነው፤ ኩባንያው «ማይ ኔትስኬፕ» በተባለው መግቢያ ገጹ ላይ ከብዙ ድረ ገጾች የተለቀሙ ርዕሶችን መደርደር ፈልጎ ነበር። ከዚያ የሶፍትዌር ባለሙያው ዴቭ ዋይነር ያዳበረው አርኤስኤስ 2.0 በ2002 ወጣ፤ በተከታዩ ዓመትም የደንቡ ባለቤትነት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የበርክማን ማዕከል ተዛወረ። አተም የተባለው ሌላ ደንብ በ2005 ጸደቀ። ፊድ ውስጥ የድምፅ ፋይል ማያያዝ መቻሉ ደግሞ ፖድካስትን ወለደ። ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር ሌላ ነው፦ የዓለም ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የሚጻፉበት ደንብ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ3.0 እትሙ የተቀበለው በዚያው በ1999 ነው። ፊድ የአማርኛ ጽሑፍ ተሸክሞ መጓዝ የሚችለው ጽሑፉ በዩኒኮድ ሲጻፍ ብቻ በመሆኑ ይህ ጉዳይ ከታች እንደገና ይነሣል።

ከኢንተርኔት በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት የዜና አገልግሎቶች ነበሩ። ከሆሳዕና የተላከ ዘገባ የከተማዋን ስም በራሱ ላይ ይዞ በኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት በኩል ለጋዜጦችና ለሬዲዮ ይሠራጫል፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በዜና አገልግሎት አሠራር የትኛው ዘገባ እንደሚያልፍ የሚወስነው መሐል ላይ ያለው ዴስክ ነው። በፊድ አሠራር ግን ጸሐፊው ያለውን ሁሉ ያወጣል፤ ተቀባዩ የሚፈልገውን ይወስዳል። ለትንሽ ከተማ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ለአዲስ አበባ አርታኢ ቦታ የማይገባው የአንድ ወረዳ የመንገድ ጥገና ዜና ለወረዳው ተወላጅ የቀኑ ትልቅ ዜና ነው።

በኢትዮጵያ የፊድ የመጀመሪያ ዘመን የዳያስፖራ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 እንኳ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አንድ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚነበበው በውጭ ሀገር ሲሆን፣ እንደ ናዝሬት ዶት ኮምና መረጃ ዶት ኮም ያሉ ገጾች ከየአቅጣጫው ርዕሶችን እየሰበሰቡ የአንባቢው የመጀመሪያ በር ሆኑ። ኦልአፍሪካም የአዲስ ፎርቹንን፣ የኢትዮጵያን ሄራልድንና የአዲስ ስታንዳርድን ጽሑፎች ከሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ጋዜጦች ጋር እየደረደረ ለዓለም አቀረበ። በእነዚህ በሮች ያላለፈ ጽሑፍ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አንባቢ ማግኘቱ ያጠራጥር ነበር።

ግንቦት 1998 የብሎግስፖት ገጾች እንዲሁም ኢትዮሚዲያ፣ ኢትዮጵያን ሪቪውና ሳይበር ኢትዮጵያ በሀገር ውስጥ እንዳይከፈቱ ሲደረግ የፊድ ሌላ ጠባይ ታየ። የታገደው የገጹ አድራሻ ነበር፤ ፊዱን ውጭ ሀገር ባለ ሰርቨር በኩል በሚያነብ አገልግሎት የሚጠቀም ሰው ግን ገጹን ራሱን ሳይከፍት ጽሑፉን ማንበብ ይችል ነበር። የታገዱ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች እንዲከፈቱ የተወሰነው ከዓመታት በኋላ፣ ሰኔ 2010 ነው። በዚያ መሐል ጎግል ሪደር፣ በዓለም ብዙ ተጠቃሚ የነበረው የፊድ ማንበቢያ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2013 ተዘጋ። ብዙዎችም አርኤስኤስ ሞተ አሉ።

አልሞተም፤ ከአንባቢው ዓይን ተሰውሮ ወደ ማሽኖቹ መሐል ገባ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ቦትና ቻናል ሲጀምር ፊዶችን እያነበቡ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ርዕሱንና ሊንኩን ቻናል ላይ የሚለጥፉ ቦቶች ተሠሩ። ዛሬ ከስልኩ ላይ ዜና የሚከታተል የሆሳዕና ወጣት «ፊድ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ በቴሌግራም የሚደርሰው ሊንክ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላው ፊድ አለው። የጎግል ፍለጋም ፊድን እንደ ገጾች ዝርዝር ይቀበላል፤ አዲስ ጽሑፍ ቶሎ እንዲያገኝ ይረዳዋል። ቢቢሲ አማርኛን የመሰሉ ትልልቅ ተቋማት ዛሬም ፊዳቸውን ክፍት አድርገው ይዘዋል። የፊድ ዋጋ የሚለካው አዘውትረው በሚከታተሉት ሰዎች ቁጥር ነው የሚለው የድሮ ስሌት ስለዚህ አይሠራም። የፊዱ የመጀመሪያ አንባቢዎች ከብዙ ገጾች ርዕስ የሚለቅሙ አሰባሳቢዎች፣ ቦቶችና የፍለጋ ሞተሮች ናቸው፤ ሰው የሚመጣው በእነሱ በኩል ነው።

የሐዲያና የከምባታ ድረ ገጾች አንባቢ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሌላ አካባቢ ይልቅ እዚህ ግልጽ መልስ አለው። ከ2000ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በብዛት የወጡት ከሐዲያና ከከምባታ ነው። የጆሃንስበርጉ ጄፒ ጎዳና የሆሳዕና ገበያ ተቀጥላ እስኪመስል ድረስ ከአካባቢው ልጆች ንግድ ጋር ተሳስሯል። በሆሳዕናና በዙሪያዋ የተሠራ ብዙ ቤት ከዚያ የመጣ ገንዘብ አለበት። እነዚህ ሰዎች የመሬት ሊዝ ጨረታ፣ የትምህርት ቤት ግንባታ መዋጮ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ የመንገድ መዘጋትና የእህል ዋጋ ማወቅ ይፈልጋሉ። የሚያገኙት ግን በወሬ፣ በቴሌግራም ቡድን ድምፅና ቀኑ በማይታወቅ የፌስቡክ ምስል ነው። ከአንድ የታመነ ገጽ የሚወጣ፣ ቀንና ምንጭ ያለው ፊድ ለዚህ አንባቢ ትልቅ አገልግሎት ነው። ገንዘቡን በሚልክበት ጉዳይ ላይ በወሬ እንዲወስን መተው የለበትም።

እግር ኳስ ሌላው ማሳያ ነው። ሀዲያ ሆሳዕና በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት ክለብ ነው፤ ሜዳው በከተማዋ ያለው የአብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ነው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ግን የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ስለቆዩ ደጋፊው ቡድኑን በደጁ ማየት ቀርቶበት ነበር። ውጤትን፣ አሰላለፍንና ዝውውርን የሚያነበው እንደ ሶከር ኢትዮጵያ ባሉ የሀገር ውስጥ እግር ኳስን በአማርኛ ከሥር ከሥር በሚዘግቡ ገጾች ነው። አንድ የሆሳዕና ድረ ገጽ ከእነዚህ ጋር በፍጥነት መወዳደር አይችልም፤ መወዳደርም የለበትም። ስለ ታዳጊ ቡድኑ፣ ስለ ወረዳ ውድድሮች፣ ስለ ስታዲየሙ ሁኔታ ግን ከእሱ የተሻለ ምንጭ የለም። ፊድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ትልልቆቹ ገጾች ሪፖርተር ሊልኩበት ከማይችሉት ቦታ የሚወጣ ጽሑፍ ሲኖር እነሱ ራሳቸው ይፈልጉታል፤ ምንጩን ጠቅሰው ሊንኩን ያስቀምጣሉ።

ግብርናም እንዲሁ ነው። በሐዳሮና በዙሪያው የዝንጅብል ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 በተዛመተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ክፉኛ ሲጎዳ የገበሬው መረጃ በአብዛኛው ከጎረቤት የተሰማ ነበር። የዝንጅብል፣ የድንችና የስንዴ የገበያ ዋጋ፣ ከዘር አቅርቦት ማስታወቂያ ጋር፣ በየሳምንቱ በአንድ ቋሚ ፊድ ቢወጣ የገበሬ ማኅበራት፣ ነጋዴዎችና የግብርና ባለሙያዎች በቴሌግራም ተቀብለው የሚያሠራጩት ነገር ይሆናል። አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። የአካባቢው የወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን ስብከትና መዝሙር በብዛት ይቀዳል፤ በድምፅ ፊድ ቢወጣ እንደ ፖድካስት በየሀገሩ ይሰማል፤ ከቪዲዮ ይልቅም ጥቂት ዳታ ይበላል።

ፊድ መክፈት ራሱ ከባድ አይደለም። በዎርድፕሬስ የተሠራ ድረ ገጽ ፊዱ አብሮት ይፈጠራል፤ የብሎገር ገጽም እንዲሁ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ መኖሩን አያውቅም። ድካሙ የሚበዛው ፊዱ በአማርኛ፣ በሐዲይሳና በከምባትሳ በትክክል እንዲጓዝ ማድረጉ ላይ ነው፤ ችግሮቹም ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኙ፣ የራሳችን የሆኑ ችግሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ፊደል ነው። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ በወሰዱ ልዩ ፎንቶች ነበር። እነዚያ ጽሑፎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተደበላለቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናሉ፤ ፊድ ደግሞ ፎንት አይዝም። በመሥሪያ ቤቶች ዛሬም በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ፣ ወይም ከእነሱ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ሰነድ ሞልቷል። የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ሲለጠፍም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው፦ ፊዱ የሚሸከመው ፊደል የለም፤ የፍለጋ ሞተር አያገኘውም፤ ዓይነ ስውር አንባቢ በድምፅ ማንበቢያ አይሰማውም። ማኅተሙ የሚያስፈልግ ከሆነ ምስሉ ይለጠፍ፤ ከሥሩ ግን ሙሉ ቃሉ በዩኒኮድ ይጻፍ።

ሁለተኛው ቀን ነው። ፊድ ቀንን የሚያውቀው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው። የጽሑፉን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገባ ሰው ጽሑፉን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወረውረዋል፤ አሰባሳቢውም አሮጌ ነው ብሎ ከዝርዝሩ ሥር ይቀብረዋል ወይም ጨርሶ አያወጣውም። የሰዓት አቆጣጠሩም ያሳስታል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚባለው ለሰርቨሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሰርቨሩ የሰዓት ቀጠና ካልተስተካከለ ደግሞ ጽሑፉ ላይ ሌላ የሦስት ሰዓት ስሕተት ይጨመራል፤ ለአስቸኳይ ማስታወቂያ ይህ ብዙ ነው። መፍትሔው በፊዱ ውስጥ የጎርጎርዮሳዊውን ቀን ለማሽኑ መተው፣ የኢትዮጵያን ቀን ደግሞ በጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ለአንባቢው መጻፍ ነው።

ሦስተኛው የአድራሻ ርዝመት ነው። ዎርድፕሬስ ከርዕሱ ተነሥቶ የጽሑፉን አድራሻ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ሲገባ ወደ ዘጠኝ ምልክቶች ይረዝማል፤ የዎርድፕሬስ ወሰን 200 ምልክት ስለሆነ የአማርኛ ርዕስ ከሃያ ሁለት ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። ውጤቱ ረጅም፣ የማይነበብ፣ በቴሌግራም ሲላክ ስክሪን የሚሞላ ሊንክ ነው፤ ብዙ ሰውም አጠራጣሪ መስሎት አይነካውም። አጭር የላቲን አድራሻ ከመጀመሪያው መስጠት ያስፈልጋል፤ አንዴ ከወጣ በኋላም መቀየር የለበትም። ከተቀየረ ቀድሞ የተሠራጨው ሊንክ ይሞታል፤ አንዳንድ አሰባሳቢም ያንኑ ጽሑፍ አዲስ መስሎት ደግሞ ያወጣዋል።

ቋንቋም አለ። ሐዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ናቸው፤ በዓለም አቀፉ የቋንቋ ዝርዝር ኤች ዲ ዋይ እና ኬ ቲ ቢ የሚሉ የየራሳቸው መለያ አላቸው። አንድ ገጽ በሦስት ቋንቋ የሚጽፍ ከሆነ ለእያንዳንዱ የተለየ ፊድ ከፍቶ መለያውን በውስጡ ማስቀመጥ አለበት። በአንድ ፊድ ሲደባለቁ ተቀባዩ የአማርኛ ገጽ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ርዕስ ይደርሰውና ፊዱን ያቋርጣል። በሁለቱ ቋንቋዎች በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ በቋሚነት የሚወጣ የሐዲይሳ ወይም የከምባትሳ ፊድ ከዜናነት በላይ ዋጋ አለው፦ ለመምህራን የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ ለአጥኚዎችም የቋንቋ ማስረጃ ይሆናል።

ከቴክኒኩ አልፎ ባለቤቱ የሚወስነው ትልቅ ነገር ፊዱ ሙሉ ጽሑፉን ይዞ ይውጣ ወይስ ቅንጭቡን የሚለው ነው። ሙሉ ፊድ ለአንባቢው ይመቻል፤ ለቀጂውም ይመቻል። ከሙሉ ፊድ እየቀዱ በማስታወቂያ የተሞላ ገጽ የሚሠሩ አሉ፤ የፍለጋ ሞተርም አንዳንዴ ቅጂውን ከዋናው በላይ ያወጣዋል። ቅንጭብ ብቻ የሚያወጣ ገጽ ጎብኚውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ነገር ግን ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለው የገጠር አንባቢ ርዕስና ሁለት መስመር ብቻ አንብቦ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ዓይነት መልስ ለሁሉም አይሆንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ሙሉውን ማውጣት አለባቸው፤ ዓላማቸው መረጃው መድረሱ እንጂ ጎብኚ መቁጠር አይደለም። በማስታወቂያ ወይም በምዝገባ የሚተዳደር የግል ገጽ ደግሞ ቅንጭብ ማውጣቱ ተገቢ ነው፤ ቅንጭቡ ግን ራሱን የቻለ፣ ማን ምን የት መቼ የሚሉትን የመለሰ አንቀጽ መሆን ይኖርበታል። ሙሉ ፊድ የመረጠ ሁሉ በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ የገጹን ስምና የጽሑፉን ሊንክ በጽሑፉ አካል ውስጥ ማስገባት አለበት። ከሆሳዕና መናኸሪያ በሹፌር እጅ የሚላክ ዕቃ ስምና ስልክ ተጽፎበት እንደሚሄድ ሁሉ፣ ጽሑፉም የትም ሲደርስ የላኪው አድራሻ ላዩ ላይ መኖር አለበት።

ሕጉም ከባለቤቱ ጎን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጽሑፍ ሥራ አመንጪ የማባዛትና የማሠራጨት መብት ይሰጠዋል። ፊድ መክፈት ይህን መብት መተው አይደለም። ይሁንና በተግባር አንድ ትንሽ ገጽ ቴሌግራም ላይ ያለ ቀጂን ሁሉ ሊከስ አይችልም። የሚያዋጣው በገጹ ላይ ግልጽ ደንብ መጻፍ ነው፦ ርዕስና ቅንጭብ ከሊንክ ጋር መውሰድ ይፈቀዳል፤ ሙሉውን መውሰድ በስምምነት ነው። ደንቡን ያነበቡ ጥሩ አሰባሳቢዎች ያከብሩታል፤ ከእነሱ ጋርም ግንኙነት ይፈጠራል።

ይህ ሁሉ ለምን ፌስቡክ ላይ በመለጠፍ አይተካም የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ያለው እውነታም ይኸው ነው። አብዛኛው መሥሪያ ቤትና ማኅበር ፌስቡክ ገጽ አለው፤ ድረ ገጽ ያለውም ቢሆን አያድሰውም። የፌስቡክ ጥቅሙ ሊካድ አይችልም፤ ሕዝቡ ያለው እዚያ ነው። ችግሩ ልጥፉ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ኩባንያው መሆኑ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የወጣውን ማስታወቂያ ፈልጎ ማግኘት አዳጋች መሆኑ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩ በአንድ ቀን ሊዘጋ መቻሉ ነው። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ሲገደቡ መረጃውን ሁሉ እዚያ ያስቀመጠ ተቋም ያለ ቪፒኤን ከአንባቢው ጋር መገናኘት አልቻለም። የራሱ ድረ ገጽና ፊድ የነበረው ግን በዚያ እገዳ አልተነካም። ኢንተርኔት ጨርሶ ሲቋረጥ ፊድም አይሠራም፤ ይህ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ዋናው ቅጂ የማን ቤት ውስጥ ይቀመጣል የሚለው ነው። ዋናው በራስ አድራሻ ካለ ፌስቡክና ቴሌግራም ማሠራጫ ይሆናሉ፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይቀጥላል።

ፊዱ ጎብኚ ማምጣቱን ማወቅም ይቻላል። ፊድ ውስጥ በሚገቡት ሊንኮች ላይ የመነሻ ምልክት ሲጨመር የትኛው ጎብኚ በቴሌግራም፣ የትኛው በአሰባሳቢ ገጽ እንደመጣ በጎብኚ መቁጠሪያው ላይ ይለያል። ይህን የሚያይ ባለቤት የትኛው ዓይነት ጽሑፍ ሩቅ እንደሚጓዝ ይማራል። በአካባቢ ገጾች ላይ የሚጠበቀው ሩቅ የሚጓዘው ከሌላ የተገለበጠ የሀገር አቀፍ ዜና ሳይሆን ሌላ ቦታ የሌለ የሰፈር ዜና መሆኑ ነው፤ የአዲስ አበባን ዜና የፈለገ ከአዲስ አበባ ያገኘዋልና። በወር አንዴ የሚታደስ ፊድም አይጠቅምም። አሰባሳቢዎች የቆመ ፊድን ከዝርዝራቸው ያወጣሉ፤ አንዴ የወጣ ፊድ ተመልሶ መግባቱ ከባድ ነው። በሳምንት ሁለት የተጣሩ ጽሑፎች በቋሚ ቀን ማውጣት አንድ ሳምንት ሃያ አውጥቶ ከዚያ ከመጥፋት ይሻላል።

የዞንና የከተማ ኮሙዩኒኬሽን መሥሪያ ቤቶች፣ የክልሉ ቢሮዎች፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከዱራሜ ካምፓሱ ጋር፣ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልና የአካባቢው የልማት ማኅበራት ነገ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ማንኛውንም ጨረታ፣ የሥራ ማስታወቂያና ዜና መጀመሪያ በራሳቸው ድረ ገጽ በዩኒኮድ ጽሑፍ ያውጡ፤ የፊዱን አድራሻ በገጻቸው ላይ በግልጽ ያስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ በቦት አማካይነት ወደ ቴሌግራም ይላክ፤ ወደ ፌስቡክም ሊንኩ ይለጠፍ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሠራተኛና በየቀኑ የሚከበር ሥርዓት ይበቃል።